በዋልታ ሰማይ ላይ የሚንሳፈፉት የምርምር ፊኛዎች፦ ከድሬ ዳዋ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ድሬ ዳዋ ላይ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ስለ ህዋ የአየር ሁኔታና ዋልታ ላይ ሆነው ስለሚለኩት ፊኛዎች ክፍል ውስጥ ባነሳሁ ቁጥር ጥያቄው ከተማሪው አልፎ ቤተሰቡ ጋ ይደርሳል። ከዚያ መንገድ ላይ፣ ሻይ ቤት፣ ባጃጅ ውስጥ ሳይቀር እጠየቃለሁ። ሐረር ያሉ ጓደኞቼም እየደወሉ ያንኑ ያነሳሉ። ርዕሱን ስለምወደው ደስ ይለኛል። ብዙ ጊዜ የሚመጡትን ጥያቄዎች እዚህ ሰብሰብ አድርጌ ልመልስ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የህዋ የአየር ሁኔታ ሲባል ምን ማለት ነው?

ፀሐይ የምትልክልን ብርሃንና ሙቀት ብቻ አይደለም። ኤሌክትሪክ የተሸከሙ ጥቃቅን ቅንጣቶችንም ያለማቋረጥ ትረጫለች። በብዛት ኤሌክትሮንና ፕሮቶን ናቸው። የፀሐይ ነፋስ ይባላል፤ ፍጥነቱም አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ 400 ኪሎሜትር አካባቢ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ፀሐይ በቢሊዮን ቶን የሚገመት ትኩስ ጋዝ ከነመግነጢሱ ትወረውራለች። አቅጣጫው ወደ እኛ ከሆነ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ይደርሳል።

ምድር የራሷ መግነጢሳዊ መስክ አላት፤ አብዛኛውን ይመልስልናል። ማዕበሉ ሲበረታ ግን መስኩ ራሱ ይናወጣል። ሬዲዮ ይቋረጣል፣ ሳተላይት ይታወካል፣ በኤሌክትሪክ መስመሮች ውስጥ ያልተፈለገ ኤሌክትሪክ ይፈስሳል። ማርች 13 ቀን 1989 የካናዳዋ ኬቤክ ግዛት ሁለት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ጨለመች። 6 ሚሊዮን ያህል ሰው ለ9 ሰዓት ያለ መብራት ቆየ። የህዋ የአየር ሁኔታ የምንለው ይህን ሁሉ ነው።

ሳተላይት እያለ ፊኛ ምን ያደርጋል?

የነገሩ ቁልፍ ያለው እዚህ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እመልሰዋለሁ።

ከምድር በላይ በሺዎች የሚቆጠር ኪሎሜትር ርቀት ላይ፣ መግነጢሳዊ መስኩ ይዞ ያስቀራቸው ቅንጣቶች አሉ። የቫን አለን የጨረር ቀለበቶች ይባላሉ። ያገኟቸው ጄምስ ቫን አለን በ1958 ሲሆን፣ መሣሪያቸውን የያዘችው ኤክስፕሎረር 1 የምትባለው የአሜሪካ ሳተላይት ነበረች። በውጪኛው ቀለበት ካሉት ኤሌክትሮኖች አንዳንዶቹ ወደ ብርሃን ፍጥነት የተጠጉ ናቸው። የሳተላይትን ግድግዳ አልፈው ይገባሉ፣ ውስጥ ያለውን የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ያበላሻሉ።

ይህ ቀለበት አንዳንዴ ይሞላል፣ አንዳንዴ በሰዓታት ውስጥ ይጎድላል። የጎደለው የት ሄደ? ወይ ወደ ውጪ አምልጧል፣ ወይ ወደ እኛ አየር ወርዷል። ቀለበቱ ውስጥ ያለች ሳተላይት መጉደሉን ታያለች፤ ወዴት እንደሄደ ግን ብቻዋን መናገር ይቸግራታል። ዝቅ ብላ የምትዞር ሳተላይት ደግሞ በሰከንድ ከ7 ኪሎሜትር በላይ ስለምትሮጥ አንድ ቦታ ላይ አትቆይም። የቅንጣቶቹ መውረድ ሲቋረጥባት፣ በእርግጥ ቆሞ ይሁን እሷ አልፋው ሄዳ ይሁን መለየት አትችልም። ፊኛ ግን አይቸኩልም። ከአንድ ሰማይ በታች ለሰዓታት ይቆያል።

ኤሌክትሮኖቹ ራሳቸው ፊኛው ጋ አይደርሱም። ከ50 እስከ 100 ኪሎሜትር ከፍታ ላይ ከአየር ጋር ይጋጫሉ። በዚያ ፍጥነት ሲመጡ ድንገት ሲገቱ ራጅ ያወጣሉ። አጥንታችን ሲሰበር የምንነሳው ያው ራጅ ነው። የሐኪም ቤቱ ማሽን ውስጥም ኤሌክትሮን ተወርውሮ ብረት ላይ ሲገታ ነው ራጁ የሚወጣው። ከላይ የተፈጠረው ራጅ ቁልቁል ይመጣና ከ30 ኪሎሜትር በታች ያለው አየር ይውጠዋል። መሬት ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ምንም አያገኝም። ስለዚህ መሣሪያው ከ30 ኪሎሜትር በላይ ወጥቶ መቀመጥ አለበት። የመንገደኛ አውሮፕላን እዚያ አይደርስም። ሳተላይትም ያን ያህል ዝቅ ብላ መዞር አትችልም፣ አየሩ ያወርዳታል። የሚቀረን ፊኛ ነው።

እሺ፣ ዋልታ ድረስ ምን ያስኬዳል?

የመጀመሪያው ምክንያት የመግነጢሱ ቅርጽ ነው። ኤሌክትሪክ የተሸከመ ቅንጣት መግነጢሳዊ መስመርን ተከትሎ መሄድ ይቀለዋል፤ መስመሩን አቋርጦ ማለፍ ግን ይከብደዋል። በምድር ወገብ አካባቢ መስመሮቹ ከመሬት ጋር ትይዩ ሆነው ስለተዘረጉ ቅንጣቱን ይከለክሉታል። ወደ ዋልታዎቹ ሲጠጉ ወደ መሬት ይታጠፋሉ። የቫን አለንን ውጪኛ ቀለበት አቋርጠው የሚያልፉት መስመሮችም አየራችንን የሚነኩት እዚያው ነው። የሚወርደውን ለማየት ወደሚወርድበት መሄድ ግድ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የማያቋርጥ ቀን ነው። ለእኔ ይህኛው ከሁሉ ይበልጥ ያምራል።

ረጅም ጊዜ የሚበሩት ትልልቅ ፊኛዎች አብዛኞቹ ከታች ክፍት ናቸው። ቀን ላይ ፀሐይ ጋዙን ስታሞቀው ያብጣል፤ የተረፈው በታች በኩል ይወጣል። ሌሊት ጋዙ ሲቀዘቅዝ ይጨማደዳል፣ ፊኛውም ቁልቁል ይላል። እንዳይወርድ ክብደት መጣል አለበት፤ ለዚሁ ተብሎ የብረት ብናኝ ወይም አሸዋ ይጫናል። ቀንና ሌሊት በተፈራረቁ ቁጥር ጋዝም ክብደትም ያልቃል። እንዲህ ያለ ፊኛ ድሬ ላይ ቢለቀቅ፣ ፀሐይ በጠለቀች ቁጥር ስለሚከስር ብዙ ቀን አይቆይም።

አንታርክቲካ ላይ ግን ዲሴምበርና ጃንዋሪ በጋ ነው። ፀሐይ ሃያ አራት ሰዓት አትጠልቅም። ጋዙ አይቀዘቅዝም፣ ፊኛው አይወርድም፣ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳውም ያለማቋረጥ ኤሌክትሪክ ይሰጣል። በዚያ ወቅት ላይኛው አየር ላይ የሚነፍሰው ነፋስ አህጉሩን እየዞረ ስለሚሄድ፣ ፊኛው ከሁለት ሳምንት አካባቢ በኋላ ወደተነሳበት አቅጣጫ ይመለሳል። ከታች የሚኖር ሕዝብ የለም፤ ቢወድቅ የሚጎዳው ሰው የለም። ከሩቅ ህዋ የሚመጣውን የጠፈር ጨረር የሚመረምረው ሱፐር ታይገር የተባለ መሣሪያ ከዲሴምበር 2012 እስከ ፌብሩዋሪ 2013 ለ55 ቀናት እዚያ ተንሳፍፏል። በ2023 የመጨረሻ ቀን የተለቀቀው ጉስቶ የተባለው ቴሌስኮፕ ደግሞ 57 ቀን ሞላ።

ለዚሁ ሥራ ተብሎ የተካሄደ ምርምር አለ?

አለ፣ ባረል ይባላል። የአሜሪካው ናሳ ሥራ ነው፤ የመሩትም የዳርትመዝ ኮሌጇ ሮቢን ሚላን ናቸው። ናሳ በኦገስት 2012 ቫን አለን ፕሮብስ የተባሉ ሁለት ሳተላይቶችን ወደ ጨረር ቀለበቶቹ ላከ። ባረል የእነሱ የምድር ወገን ተባባሪ ሆነ። በ2013 መጀመሪያ እና ከ2013 ወደ 2014 በሚያሻግረው በጋ፣ በእያንዳንዱ ዘመቻ 20 ያህል ፊኛ ከአንታርክቲካ ተለቀቀ። የተነሱትም ከደቡብ አፍሪካው ሳናዬ 4 እና ከእንግሊዙ ሃሊ 6 የምርምር ጣቢያ ነው። ከዚያ በ2015ና በ2016 ሥራው ወደ ሰሜን ስዊድን፣ ወደ ኪሩና ዞረ። ስለ ሃሊ አንድ ነገር ልጨምር። የኦዞን መሳሳት በ1985 ለዓለም የተነገረው በዚያ ጣቢያ ለዓመታት በተሰበሰበ መረጃ ነው። ሰው የማይኖርበት በረዶ ላይ ተቀምጦ በትዕግሥት መለካት ምን እንደሚያስገኝ ከዚህ በላይ ምስክር የለም።

የባረል ፊኛ ሲሞላ 27 ሜትር ያህል ስፋት አለው። የሚሸከመው መሣሪያ ግን 20 ኪሎ አካባቢ ብቻ ነው፤ አንድ ሰው አንስቶ ሊሸከመው ይችላል። ውስጡ የራጅ መለኪያ፣ የመግነጢስ መለኪያ፣ ጂፒኤስና መረጃ መላኪያ አለው። የራጅ መለኪያው ልቡ የሶዲየም አዮዳይድ ክሪስታል ነው። ራጅ ሲመታው ብልጭ ይላል፤ ብልጭታው ይቆጠራል። የብልጭታው ድምቀት ደግሞ የመጣው ራጅ ምን ያህል ጉልበት እንደነበረው ይናገራል።

ብልሃቱ ግን ብዛቱ ላይ ነው። ፊኛዎቹ በየተራ እየተለቀቁ ነፋሱ ሲወስዳቸው፣ ዋልታውን የከበበ ሰንሰለት ይሠራሉ። አንዱ ጋ ራጅ ታይቶ ሌላው ጋ ካልታየ ክስተቱ ጠባብ ነው። ሁሉም ጋ ባንድ ጊዜ ከታየ ሰፊ ነው።

በጃንዋሪ 2014 ላይ የሚያኮራ ውጤት ተገኘ። ሳተላይቶቹ ቀለበቱ አካባቢ ሂስ የሚባል የሬዲዮ ሞገድ ይመዘግቡ ነበር። ሞገዱ ከፍ ዝቅ ሲል፣ በብዙ ሺህ ኪሎሜትር ርቀት ከታች የሚንሳፈፉት ፊኛዎች የሚያዩት ራጅም አብሮ ከፍ ዝቅ ይል ነበር። በ2015 የታተመው ይህ ግኝት፣ ሞገዱ ኤሌክትሮኖቹን ከቀለበቱ አውጥቶ ወደ አየራችን እንደሚጥልና ይህም በጣም ሰፊ ቦታ ላይ ባንድ ጊዜ እንደሚሆን አሳየ። ሳተላይቱ ብቻውን ወይም ፊኛው ብቻውን ይህን ሊነግረን አይችልም ነበር።

ፊኛው ከምን ነው የተሠራው? አይፈነዳም?

ከፖሊኢታይሊን ነው፤ ከገበያ ዕቃ ይዘን የምንመለስበት ፌስታል የሚሠራበት ፕላስቲክ ማለት ነው። ውፍረቱ በትልልቆቹ ላይ 0.02 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። በዚህ ስስ ነገር ነው ብዙ ቶን ወደ ሰማይ የሚወጣው። የናሳ ትልቁ ፊኛ ሲሞላ ከ1 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ይይዛል፤ ከ3 ቶን በላይ ዕቃም ያነሳል።

ሲለቀቅ ቢታይ ብዙ ሰው ጋዝ ያልተሞላ ይመስለዋል። አናቱ ላይ ትንሽ ሂሊየም ይኖራል፤ የቀረው አካሉ ተጠቅልሎና ረዝሞ ከታች ይንጠለጠላል። ሆን ተብሎ ነው። 36 ኪሎሜትር ላይ የአየሩ ግፊት መሬት ላይ ካለው ከ1 በመቶ በታች ይሆናል። ጋዙ እየወጣ በሄደ ቁጥር እየሰፋ ይሄድና ፊኛውን ራሱ ይሞላዋል። መሬት ላይ ጥግ ድረስ ቢሞላ ኖሮ ገና ሳይርቅ ይቀደድ ነበር። ወደዚያ ከፍታ ለመድረስ ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ይበቃዋል።

ማን ጀመረው?

በ1912 ኦስትሪያዊው ቪክቶር ሄስ በሃይድሮጅን ፊኛ ራሱ ተሳፍሮ ወጣ። በዚያ ዘመን ጨረር የሚመጣው ከመሬት ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር። እንዲያ ከሆነ ወደ ላይ ሲወጣ መቀነስ አለበት። ኦገስት 7 ቀን ከ5,000 ሜትር አለፈ፤ ከራስ ዳሸን አናት በላይ ማለት ነው። መሣሪያው ግን ጨረሩ እየጨመረ መሄዱን አሳየው። በዚያው ዓመት የፀሐይ ግርዶሽ ቀን ወጥቶ ለክቶ ስላልቀነሰ፣ ዋናው ምንጭ ፀሐይ እንዳልሆነችም ተረዳ። ዛሬ የጠፈር ጨረር የምንለው በዚህ መንገድ ተገኘ። ለዚህም በ1936 የኖቤል ሽልማት አገኘ።

ከዚያ በ1927 ያኮብ ክላይ የተባለ ሆላንዳዊ ከጃቫ ወደ አውሮፓ በመርከብ ሲጓዝ እየለካ መጣ። በምድር ወገብ አካባቢ ጨረሩ አነስ ይላል። የምድር መግነጢስ ሊከለክለው ከቻለ፣ የሚመጣው ነገር ኤሌክትሪክ የተሸከመ ቅንጣት ነው ማለት ነው።

ከአውሮራ የሚመጣውን ራጅ በፊኛ ያገኘው ደግሞ ጆን ዊንክለር ነው። አውሮራ በዋልታ አካባቢ ሌሊት ሰማይ ላይ የሚታየው ባለቀለም ብርሃን ነው። በ1957 በአሜሪካዋ ሚኒያፖሊስ ከተማ ከባልደረባው ከላውረንስ ፒተርሰን ጋር የላከው ፊኛ፣ ከላይ አውሮራ ሲበራ የራጅ ፍንዳታ መዘገበ። ብዙ አገሮች ምድርን አብረው ያጠኑበት የዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት እየተካሄደ ነበር። ለዚያው ዓለም አቀፍ ዘመቻ ተብሎ አዲስ አበባ ላይ የመግነጢስ መለኪያ ጣቢያ ተቋቋመ፤ በ1958 ሥራ ጀመረ። አገራችን በዚህ ጉዳይ ከመጀመሪያው ጀምሮ ቦታ አላት። ተማሪዎቼ ይህን ሲሰሙ ቀና ብለው ይቀመጣሉ።

የሩሲያው ሌቤዴቭ ተቋምም ከ1957 ጀምሮ ሙርማንስክ አካባቢ፣ ከ1963 ጀምሮ ደግሞ አንታርክቲካ ሚርኒ ላይ ትንንሽ ፊኛ እየለቀቀ የጠፈር ጨረርን ለአሥርት ዓመታት ለክቷል። ፀሐይ በ11 ዓመት ዑደቷ ስትነቃና ስትረጋጋ ጨረሩ እንዴት እንደሚለዋወጥ የምናውቀው በእንዲህ ዓይነት ረጅም ሥራ ነው።

ይህ ሁሉ ድሬን ወይም ሐረርን ምን አገባቸው?

በጣም አገባቸው። ድሬ ላይ፣ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ፣ ወደ ጣራዎቹ ቀና ብላችሁ እዩ። ዲሽ ያልተሰቀለበት ግቢ ስንት ነው? ዲሹ የሚያየው 36,000 ኪሎሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለ ሳተላይት ነው። ያ ቦታ የቫን አለን ውጪኛው ቀለበት የሚደርስበት ነው። በጃንዋሪ 1994 አኒክ የሚባሉ ሁለት የካናዳ ሳተላይቶች በሰዓታት ልዩነት መቆጣጠሪያቸው ተበላሸ፤ ብዙ ቦታ ቴሌቪዥን ተቋረጠ። ምክንያት የተባሉት ፈጣን ኤሌክትሮኖች ናቸው። ፊኛው የሚከታተለው እነዚህኑ ነው።

ሌላም አለ። የመግነጢስ ወገብ፣ ማለትም የምድር መግነጢሳዊ መስመሮች ፈጽመው ጠፍጣፋ የሚሆኑበት መስመር፣ የሚያልፈው በኢትዮጵያ በኩል ነው። ድሬና ሐረር ለእሱ ቅርብ ናቸው። ይህን በቤት ማየት ይቻላል። ስስ የስፌት መርፌ መሃሉ ላይ በክር እሰሩ። አግድም ሆኖ እስኪቆም ቋጠሮውን ወዲህ ወዲያ አድርጉት፤ ከዚያ በጠብታ ሙጫ አጽኑት። ከአሮጌ ስፒከር በወጣ ማግኔት መርፌውን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ደጋግማችሁ እሹት። አሁን ነፋስ በሌለበት ክፍል ስቀሉት። ዞሮ ሰሜንና ደቡብ ያሳያል፤ ግን አሁንም አግድም ነው። ያንኑ መርፌ ኪሩና ላይ ቢሰቅሉት የሰሜን ጫፉ ወደ መሬት ይደፋል፤ ቀጥ ብሎ ለመቆም ትንሽ ነው የሚቀረው። ዋልታ ላይ መስመሩ ወደ መሬት እንደሚገባ፣ እኛ ጋ ግን ከላይ እንደሚያልፍ የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ መሣሪያ አላውቅም።

ከራሳችን በላይ፣ ከ100 ኪሎሜትር ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ቀን ቀን ወደ ምሥራቅ የሚፈስ ብርቱ የኤሌክትሪክ ጅረት አለ። የመግነጢስ ወገብን ተከትሎ ነው የሚሄደው። ማዕበል ሲነሳ ዋልታ ላይ የተፈጠረው የኤሌክትሪክ መስክ በደቂቃዎች ውስጥ እዚህ ይደርስና ይህን ጅረት ይለውጠዋል። ጀንበር ከጠለቀች በኋላ ደግሞ ላይኛው አየር ላይ የሚፈጠሩ፣ ኤሌክትሮን የጎደለባቸው ጉድጓዶች የጂፒኤስ ምልክትን ያንቀጠቅጣሉ። በምድር ወገብ አካባቢ በተለይ በማርችና በሴፕቴምበር ሰሞን ይበዛል። መሬት የሚለካ ቀያሽም ሆነ አብራሪ ይህን ማወቅ አለበት። ስለዚህ ዋልታ ላይ የሆነው ነገር ዋልታ ላይ አይቀርም።

የድሬ ሙቀት ከዚህ ጨረር ጋር ይገናኛል? መብራት ሲሄድስ?

አይገናኝም። ድሬ የምትሞቀው ቆላ ላይ ስላለች ነው፤ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት። የደንገጎን ዳገት ወጥታችሁ ሐረር ስትደርሱ 700 ሜትር ያህል ጨምራችኋል፤ ቅዝቃዜው ከዚያ ነው። የሚያሞቀን የፀሐይ ብርሃን እንጂ ከህዋ የሚወርደው ቅንጣት አይደለም።

መብራት ሲሄድም ወደ ፀሐይ አትጠቁሙ። በየሰፈሩ የሚያጋጥመው መቋረጥ ከመስመር፣ ከትራንስፎርመር ወይም ከኃይል እጥረት ጋር የተያያዘ ነው።

ከድሬ አዲስ አበባ በአውሮፕላን ስሄድ ጨረር ያገኘኛል?

ትንሽ ያገኛችኋል፤ የሚያሰጋ ግን አይደለም። በአውሮፕላን ከፍታ፣ በምድር ወገብ አካባቢ በሰዓት 2 ወይም 3 ማይክሮሲቨርት ያህል ነው፤ ማይክሮሲቨርት ሰውነት ያገኘው ጨረር የሚለካበት መስፈሪያ ነው። የደረት ራጅ አንዴ መነሳት 20 ማይክሮሲቨርት አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ነው። በዓለም ላይ አንድ ሰው በዓመት ከተፈጥሮ የሚያገኘው አማካይ ደግሞ 2,400 ማይክሮሲቨርት ነው። የድሬና የአዲስ አበባ በረራ አንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ስለሆነ ሒሳቡን ራሳችሁ መሥራት ትችላላችሁ።

ዋልታን አቋርጦ የሚሄድ በረራ በሰዓት ሁለት እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ያገኛል፤ በመግነጢሱ ምክንያት። ለመንገደኛ ይህም ብዙ አይደለም። በሥራቸው ዘወትር ለሚበሩ ግን ተደምሮ የሚቆጠር ነገር ነው፤ በብዙ አገሮችም የአየር መንገድ ሠራተኛ ለጨረር እንደተጋለጠ ሠራተኛ ነው የሚታየው። ብርቱ የፀሐይ ማዕበል ሲኖር አየር መንገዶች በረራቸውን ከዋልታ ያርቃሉ። ዋናው ምክንያት እዚያ ሬዲዮ መገናኛ ስለሚቋረጥባቸው ነው። ናሳ በሴፕቴምበር 2015 ራድኤክስ የተባለ ፊኛ ከኒው ሜክሲኮ የለቀቀው ይህን የአውሮፕላን ጨረር ጉዳይ በተሻለ ለመገመት ነበር።

እነዚህ ፊኛዎች ለስለላ ቢሆኑስ?

በፌብሩዋሪ 2023 አሜሪካ አንድ የቻይና ፊኛ ከመታች በኋላ ይህ ጥያቄ በዛ። የምርምር ፊኛ ግን ከመነሳቱ በፊት ይነገራል፣ መንገዱ ይታያል፣ ውጤቱም ይታተማል። የባረል መረጃ ለማንም ክፍት ነው። ዋልታ ላይ ደግሞ የሚሰለል ሰው የለም።

ሥራው ሲያልቅ ራሱ ይወድቃል?

አይደለም፣ በትእዛዝ ይወርዳል። ትልልቆቹ ላይ ሬዲዮ ትእዛዝ ሲደርስ መሣሪያው ከፊኛው ይቆረጥና በፓራሹት ይወርዳል። ፊኛው ደግሞ ተቀድዶ ለብቻው ይወድቃል። ከበረዶ ላይ መሰብሰቡ ከባድ ሥራ ነው፤ የአየሩ ጠባይ ካልፈቀደ ለቀጣዩ በጋ የሚተውበት ጊዜ አለ።

ሜይ 2024 ላይ ሰው ሁሉ ያነሳው የአውሮራ ፎቶ እኛ ጋ ለምን አልታየም?

ሜይ 10 እና 11 የነበረው ማዕበል በሁለት አሥርት ዓመታት ውስጥ ከታዩት ብርቱዎቹ አንዱ ነበር። አውሮራው ከተለመደው ቦታ በጣም ርቆ ወደ ወገብ ተጠጋ። እኛ ግን ጠፍጣፋው መስመር ሥር ነን። አውሮራን የሚያበሩት ቅንጣቶች እዚህ የሚወርዱበት መንገድ የላቸውም። አዲስ አበባ ያለው መለኪያ ጣቢያ የመሰለ መሣሪያ ግን እንዲህ ያለውን ማዕበል በደንብ ይሰማዋል። ዓይናችን ባያየውም ነገሩ አልፎን አልሄደም።

ድሬ ላይ የራሳችንን ፊኛ ብንለቅስ?

ይህን ጥያቄ ያነሱት ተማሪዎች ናቸው፤ እኔም ከልቤ እመኘዋለሁ። የሜትሮሎጂ ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት የጎማ ፊኛ ወደ 30 ኪሎሜትር ወጥቶ ይፈነዳል፤ ዕቃው በፓራሹት ይወርዳል። ጨረር የሚቆጥር ትንሽ የጋይገር ቆጣሪ፣ ጂፒኤስ፣ የሙቀትና የግፊት መለኪያ ቢጫንበት የጠፈር ጨረሩ በከፍታ እንዴት እንደሚለዋወጥ ያሳያል። ቁጥሩ እየጨመረ ሄዶ ከ15 እስከ 20 ኪሎሜትር አካባቢ ከፍተኛው ላይ ይደርስና ተመልሶ ይቀንሳል። ይህ ጫፍ በጀርመናዊው ጆርጅ ፎትዘር ስም ይጠራል። በዋልታ ፊኛ ከሚገኘው ቁጥር ጋር ቢወዳደር የመግነጢስ ወገብ ምን ያህል እንደሚከልለን በገዛ እጃችን እናየው ነበር።

ዝም ብሎ ግን አይለቀቅም። ከተማችን ኤርፖርት አላት፤ አውሮፕላን ይወርዳል፣ ይነሳል። የሲቪል አቪዬሽን ፈቃድ ግዴታ ነው፤ ሬዲዮ ለመጠቀምም ሌላ ፈቃድ ይጠየቃል። ነፋሱ ወዴት እንደሚወስደው አስቀድሞ መታሰብ አለበት፤ ድንበር ሩቅ አይደለም። ሂሊየም ማግኘትም ቀላል አይደለም። ዩኒቨርሲቲ ካልያዘው በቀር አንድ ትምህርት ቤት ብቻውን የሚወጣው አይመስለኝም። ድሬ ዳዋ ዩኒቨርሲቲም ሐረማያ ዩኒቨርሲቲም ቅርባችን ናቸው፤ ፊዚክስ ትምህርት ክፍልም አላቸው።

ልጄ በዚህ መስመር መቀጠል ትፈልጋለች፣ ምን ትማር?

ፊዚክስና ሒሳብ መሠረቱ ናቸው። ኤሌክትሮኒክስና ኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍን ከወዲሁ ትልመድ፤ ፊኛው ላይ የሚወጣውን መሣሪያ የሚሠራውም፣ ያመጣውን ቁጥር የሚፈታውም በእነዚህ ነው። ከዚያ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ፣ የህዋ ሳይንስና አስትሮኖሚ ተቋም አለ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም ዋሸራ የተባለ የህዋና የራዳር ምርምር ላቦራቶሪ አለው።

እስከዚያ ድረስ ስትጠብቅ አትቀመጥ። የአዲስ አበባው የመግነጢስ ጣቢያ ኢንተርማግኔት የሚባለው ዓለም አቀፍ መረብ አባል ነው፤ የመረቡ መረጃ ደግሞ ለሁሉም ክፍት ነው። የአንድ ጸጥ ያለ ቀንን መስመር ትውሰድ፤ እኩለ ቀን አካባቢ ከፍ ሲል ታየዋለች፣ ከላይ የጠቀስኩት ጅረት ነው። ከዚያ የማዕበል ቀንን መስመር አጠገቡ ትሳለው። ልዩነቱን ለማየት እስክሪብቶና ባለ ካሬ ወረቀት ይበቃታል።